ለስኑከር ስቲክህ ትክክለኛውን ቲፕ ከመምረጥ እስከ መለጠፍ፦ ለድሬና ለሀረር ተጫዋች

ስቲክ ሲገዛ ሁሉም ሰው እንጨቱን ያያል። ቀጥ ማለቱን ጠረጴዛ ላይ አንከባሎ ይፈትናል። ክብደቱን በእጁ ይመዝናል። እጀታው ላይ ያለውን ጌጥ ያደንቃል። ጫፉ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ቆዳ፣ ቲፕ የምንላትን፣ ግን ልብ ብሎ የሚያያት ጥቂት ሰው ነው። ነጯን ኳስ የምትነካው እሷ ብቻ ናት። የምትነካውም ለአንድ ሺህኛ ሰከንድ ገደማ ነው። ኳሷ ወደ ኋላ ትመለስ፣ በጎን ትሽከርከር ወይም ደርቃ ትቁም፣ የሚወሰነው በዚያች ቅጽበት ነው።

ገንዘብህ ውስን ከሆነ ምክሬ አጭር ነው። በደንብ ተመርጦ በደንብ የተለጠፈ ርካሽ ቲፕ፣ እንደነገሩ ከተለጠፈ ውድ ቲፕ ይሻላል። ስለዚህ እዚህ ላይ ስለ ምርጫው ብቻ ሳይሆን ስለ አለጣጠፉም እናወራለን። ሁለቱ አይነጣጠሉም።

ድሬ ላይ ደግሞ ሁለት ነገር ይጨመርበታል። አንደኛ፣ በየሰፈሩ ያለው ጠረጴዛ አብዛኛው የፑል ነው። ስለዚህ እዚሁ ድሬ ያለውን ታይዋን ገበያ ዞረህ ቲፕ ብታገኝ በብዛት ለፑል ስቲክ የተሠራ ነው የሚሆነው። ሁለተኛ፣ ሙቀቱ። ቆዳ፣ እንጨትና ሙጫ ሦስቱም ሙቀትና ድርቀት ይነካቸዋል። ለንደን ወይም ቤጂንግ ላለ ተጫዋች የተጻፈ ምክር እዚህ እንዳለ አይሠራም።

መጀመሪያ ልኩን እወቅ

የስኑከር ስቲክ ጫፉ ቀጭን ነው። ጫፉን የሚይዘው የናስ ቀለበት ብዙውን ጊዜ ከ9 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። የፑል ስቲክ 12 እና 13 ሚሊ ይደርሳል። ልዩነቱ ከኳሱ ጋር ይያያዛል። የስኑከር ኳስ 52.5 ሚሊ ነው። የአሜሪካ ፑል ኳስ 57 ሚሊ ገደማ ነው። ከረምቡላ የለመደ ሰው ደግሞ 61.5 ሚሊ የሚሆነውን ትልቁን ኳስ ያውቀዋል። በትንሽ ኳስ ላይ ወፍራም ጫፍ ይዞ የፈለጉትን ነጥብ መንካት ይከብዳል።

በግምት አትለካ። ዘጠኝ ተኩልን ከአሥር ዓይን አይለየውም፤ ማስመሪያም አይበቃም። ካሊፐር፣ ማለትም የሚሊ ሜትር ክፍልፋይ የሚለካ መሣሪያ፣ ያስፈልግሃል። ከሌለህ ቶርኖ ቤት ጎራ በልና "አቦ፣ አንዴ ልለካበት" በል። ለእነሱ የደቂቃ ሥራ ነው። ቀለበቱን ሁለት ቦታ ላይ ለካው፣ አንዱን ከሌላው አቋርጠህ። በተደጋጋሚ የተፋቀ ቀለበት ክብነቱን ሊያጣ ይችላል። ቁጥሩን ስልክህ ላይ ጻፈው፤ ሁልጊዜ ያስፈልግሃል።

ከዚያ ቲፑን ከቀለበቱ እኩል ወይም ትንሽ ሰፋ ያለ ግዛ። ቀለበቱ 9.5 ከሆነ 10 ሚሊ ቲፕ ጥሩ ነው፤ ትርፉ ይከረከማል። ከቀለበቱ የጠበበ ቲፕ ግን አይሞከርም። የናሱ ጠርዝ ራቁቱን ይቀራል። ኳሱን በጎኑ ስትመታ ብረት ከኳስ ጋር ይገናኛል። ኳሱ ይጫጫራል፣ ምቱም ይበላሻል።

የምታገኘው የፑል ቲፕ ብቻ ከሆነስ? 12 ወይም 13 ሚሊውን ከርክሞ 10 ማድረስ ይቻላል። ቆዳው ያው ቆዳ ነው። የሚቆረጠው ስለሚበዛ ግን ትዕግሥትና የሰላ ምላጭ ይጠይቃል። በብሎን የሚገባውን ወይም ጫፉ ላይ ተጠልቆ የሚቀመጠውን የፕላስቲክ ጫፍ ግን ተወው። እሱ ለፑል ቤት የጋራ ስቲክ የተሠራ ነው። የስኑከር ስቲክ ላይ ቦታ የለውም።

ምትህ ምን ዓይነት ነው?

ቲፕ በጥንካሬው ለስላሳ፣ መካከለኛና ጠንካራ ተብሎ ይከፈላል። "የቱ ይሻላል?" ብለህ ብትጠይቅ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ያሞግስልሃል። ጥያቄው መሆን ያለበት "ለእኔ ምት የቱ ይሆናል?" ነው።

ለስላሳ ቲፕ ቾክ፣ ማለትም እንዳይንሸራተት ላዩ ላይ የሚቀባውን ጠመኔ፣ በደንብ ይቀበላል። ኳሱን ሲነካ ትንሽ ይይዘዋል፣ እጅህ ላይም የሚሰማህ ስሜት ገራም ነው። ጉዳቱ ቶሎ መጨፍለቁ ነው። ጠርዙ እንደ እንጉዳይ ከቀለበቱ ውጭ ይዘረጋል። ከዚያ መከርከም፣ መሞረድ፣ እንደገና መከርከም ይመጣል። ቲፑም በዚያው ያልቃል።

ጠንካራ ቲፕ በተቃራኒው ቅርጹን ይይዛል። ዕድሜው ይረዝማል። ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ አለው። ቾክ ግን በቀላሉ አይቀመጥበትም፤ ኳሱን ዳር ላይ ስትመታ ለመንሸራተት ቅርብ ነው። መካከለኛው ስሙ እንደሚለው መሃል ላይ ነው።

ብዙ ሰው "ለስላሳ ቲፕ ግዛ፣ ኳሱ ወደ ኋላ ይመለስልሃል" ይላል። እዚህ ላይ እንዳትሸወድ። ሽክርክሪት የሚሰጥህ በዋናነት ኳሱን የምትነካበት ነጥብና የክንድህ ፍጥነት ነው። የቲፑ ጥንካሬ ድርሻ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ቲፕ የሚያደርግልህ ትልቁ ነገር ከመሃል ርቀህ ስትመታ ሳይንሸራተት መያዝ ነው። ለዚያም ወሰን አለው። ከኳሱ መሃል እስከ ዳር ካለው ርቀት ግማሹን ካለፍክ፣ የትኛውም ቲፕ ቢሆን ይንሸራተታል። በስኑከር ኳስ ላይ ያ ግማሽ 13 ሚሊ ብቻ ነው። አንድ ጣት እንኳ አይሞላም።

ቆዳ ጫፍ ላይ መለጠፍ የተጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ስሙ ከዚህ ጋር የሚነሳው ፍራንስዋ ሜንጎ የሚባል የፈረንሳይ መኮንን ነው። ከዚያ በፊት ስቲክ ባዶ እንጨት ነበር። ከመሃል ትንሽ ወጣ ብሎ መምታት አይታሰብም ነበር። ዛሬ ስኑከር ላይ የምናየው ሽክርክሪት ሁሉ የመጣው ከዚያች ቆዳና ከቾክ በኋላ ነው።

ወደ ምርጫችን እንመለስ። ገና ከጀመርክ መካከለኛ ወይም ወደ ለስላሳ የሚያደላ መካከለኛ ያዝ። በኃይል የምትመታ ከሆነ ለስላሳውን እርሳው፤ በሳምንት ውስጥ ተደፍጥጦ ታገኘዋለህ። እጅህ ቀላል ከሆነና ቀስ ብለህ ኳስ እያቀራረብክ የምትጫወት ከሆነ ለስላሳው ይስማማሃል።

ሌላ የሚረሳ ነገር አለ፤ የምትጫወትበት ጨርቅ። ያረጀና አቧራ የጠጣ ጨርቅ ኳስን ያዘገያል። ድሬ ላይ የደቻቱ ወንዝ ደርቆ ንፋስ በተነሳ ቁጥር አሸዋው የማይገባበት ቤት የለም፤ ጠረጴዛውም ድርሻውን ይወስዳል። በዘገምተኛ ጨርቅ ላይ ነጯን ወደ ኋላ ለመመለስ ጠንከር አድርገህ ለመምታት ትገደዳለህ። ጠንከር ካለ ምት ጋር የሚሄደው መካከለኛ ቲፕ ነው። ስለዚህ እዚህ ከተማ ላለ አብዛኛው ተጫዋች የእኔ መልስ መካከለኛ ነው።

ነጠላ ወይስ ድርብርብ?

ነጠላ ቲፕ ከአንድ ቁራጭ ቆዳ የተሠራ ነው። ኤልክ ማስተርና ብሉ ዳይመንድ በሁሉም ቦታ የሚታወቁ ናቸው። ኤልክ ማስተር ለስለስ ይላል፣ ብሉ ዳይመንድ ጠንከር ይላል። ዋጋቸው ቀላል ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጡት 50 በያዘ ሳጥን ሲሆን ባለ ሱቁ አንድ አንድ እያደረገ ይሸጣቸዋል። ችግራቸው አንዱ ከሌላው አለመመሳሰሉ ነው። ቆዳ ቆዳ ነው፤ አንዱ ቦታው ይጠጥራል፣ ሌላው ይለሰልሳል። ከአንድ ሳጥን ውስጥ አንዱ ለስላሳ፣ አንዱ ድንጋይ ሊሆን ይችላል።

ድርብርብ ቲፕ ስስ የቆዳ ንብርብሮች በሙጫ ተጣብቀው የሚሠራ ነው። የጃፓኖቹ ካሙይና ሞሪ በዚህ ይታወቃሉ። አንዱ ከሌላው ብዙም አይለያይም፤ ቅርጹንም ይይዛል። ዋጋው ግን የነጠላውን ብዙ እጥፍ ነው። አስመስለው የሚሠሩትም በዓለም ላይ ሞልተዋል። ማሸጊያው የተጨማደደ፣ ጽሑፉ የደበዘዘ፣ ዋጋው ከሚታወቀው እጅግ የወረደ ከሆነ ተጠንቀቅ። አስመሳዩ ጥቂት ከተጫወትክበት በኋላ ንብርብሩ እየተላጠ ይነሳል።

ደግሞ ይህን እወቅ። ብዙዎቹ ድርብርብ ቲፖች የሚሠሩት ከአሳማ ቆዳ ነው። ድሬም ሆነ ሀረር፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይህን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው። ለራስህ ግድ ባይሰጥህ እንኳ ስቲክህን የሚዋስ ጓደኛህን ሊያስጨንቀው ይችላል። ከመግዛትህ በፊት ከምን ቆዳ እንደተሠራ ጠይቅ ወይም ማሸጊያውን አንብብ።

እኔ ድሬ ላይ ላለ ሰው ነጠላውን ነው የምመርጠው። ገንዘቡ ብቻ አይደለም ምክንያቱ። ቲፕ መለጠፍ የሚለመደው በመለጠፍ ነው። ርካሽ ቲፕ ቢበላሽብህ ሌላ ታነሳለህ። ውዱን ስታበላሽ ግን እጅህ ይፈራል፤ ከዚያ ለሰው መስጠት ትጀምራለህ።

ከሳጥኑ ውስጥ መርጦ ማውጣት

ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው። ለእኔ ደግሞ ዋናው ይህ ነው። ባለ ሱቁ የሰጠህን የመጀመሪያውን ቲፕ ይዘህ አትውጣ። "ሳጥኑን ልየው" በል። ከፈቀደልህ ጊዜህን ወስደህ ምረጥ።

መጀመሪያ በዓይን። ጎኑ ላይ ስንጥቅ ካለ፣ ጠርዙ የሚፈረፈር ከሆነ፣ ፀጉር የመሰለ ነገር ከወጣበት መልሰው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ቆዳ እርጥበቱን ጨርሶ ይደርቃል። በጥፍርህ ጠርዙን ጫን ስትለው ዱቄት ከሆነ አይሆንህም።

ቀጥሎ የታችኛው ፊቱ። ስልክህን አጋድምና መስታወቱ ላይ ቲፑን አስቀምጠው። በጣትህ ዳርና ዳሩን ነካ ነካ አድርገው። ከተወዛወዘ መቀመጫው ጠፍጣፋ አይደለም። ሊስተካከል ይችላል፣ ግን ቀጥ ያለውን ማግኘት እየቻልክ ለምን ትደክማለህ? ቁመታቸውንም አስተያይ፤ ረዘም ያለው ዕድሜው ይረዝማል።

ከዚያ ድምፁ። ይህን ዘዴ ከዚራ ሰፈር ያሉ አንድ አንጋፋ ተጫዋች ለአንድ ወጣት ሲያሳዩ ቆሜ አይቻለሁ። ልጁ ሁለት ቲፕ ይዞ "ጋሼ፣ የቱ ይሻለኛል?" አላቸው። አላዩአቸውም። "አቦ፣ መጀመሪያ ስማቸው" አሉት። ቲፖቹን ተራ በተራ ከስንዝር ከፍታ ሰቆው ላይ ጣሉ። አንዱ "ጠቅ" ብሎ ነጠረ። ሌላው "ጥብ" ብሎ ቀረ። የነጠረው ጠንካራው ነው። ደብዘዝ ያለ ድምፅ ያለው ለስላሳው ነው። ልጁ እንደገና በራሱ እጅ ጣለ፤ ጆሮውን ወደ ወለሉ አዘንብሎ። ልዩነቱ ግልጽ ነበር።

አንተም እንዲሁ አድርግ። የሲሚንቶ ወለል፣ ሰቆ ወይም እብነ በረድ ይሆናል፤ እንጨት ጠረጴዛ ግን ድምፁን ያፍነዋል። ሁሉንም ከአንድ ከፍታ፣ በአንድ ቦታ ላይ ጣል። ከሁሉም በላይ የሚጮኸውንና ከሁሉም በላይ የታፈነውን አውጣቸው። ከቀሩት ውስጥ ድምፃቸው የሚመሳሰል ሦስት ወይም አራት ምረጥና ሁሉንም ግዛ። አንዱ ዛሬ ይለጠፋል። የቀሩት መለዋወጫ ይሆናሉ። የዛሬው ሲያልቅ ቀጣዩ ተመሳሳይ ስለሚሆን እጅህ እንደ አዲስ መልመድ አይጠበቅበትም።

የመረጥከው ትንሽ ለስላሳ ከመሰለህ ደግሞ ሞርሳ ያለው ሰው ፈልግ። ቲፑን በሁለት ጠፍጣፋ ብረት መሃል አድርገህ በሞርሳው ቀስ እያልክ እሰረውና ለጥቂት ሰዓት ተወው። ቆዳው አስቀድሞ ስለሚጠቀጠቅ ከተለጠፈ በኋላ ብዙም አይዘረጋም። ለድርብርብ ቲፕ ግን ይህን አታድርግ፤ ንብርብሩን ትጎዳዋለህ።

አሮጌውን ማንሳት

የሰላ ምላጭ ወይም ከተር ያዝ። ስቲኩን ጠረጴዛ ላይ አጋድመህ ጫፉን ትንሽ አውጣው፣ እንዳይንከባለልም ሰው ይያዝልህ። ምላጩን ከናሱ በላይ በትንሹ አስቀምጠህ ቆዳውን እያዞርክ ቁረጠው። ናሱን አትንካ። የምላጩ አፍ ከጣትህ በተቃራኒ አቅጣጫ ይሁን።

ሁለት ነገር አታድርግ። በፒንሳ ይዘህ አትጠምዝዘው፤ ቀለበቱን ከእንጨቱ ታላቅቀዋለህ። በላይተር አታሙቀው፤ እንጨቱ ይለበለባል፣ ቀለበቱን የያዘው ሙጫም ይለቃል።

የቀረውን ቆዳና አሮጌ ሙጫ በብርጭቆ ወረቀት አንሳው። 120 ቁጥር ይበቃል። ወረቀቱን ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርጋው እንጂ በጣትህ ይዘህ አትፈትግ። ጣት ጠርዙን ያጠጋጋዋል፤ የተጠጋጋ ጠርዝ ላይ ቲፕ በደንብ አይቀመጥም። ስቲኩን ቀጥ አድርገህ ያዝና ወረቀቱ ላይ በትንሹ አሽከርክረው። ናሱ እንዲያጥር አትፈልግም፤ ሙጫው እንደወጣ አቁም።

አሁን ፊቱን ብርሃን ላይ እየው። መሃል ላይ እንጨት፣ ዙሪያውን ናስ ታያለህ። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። እዚህ ላይ የአየሩ ነገር ይመጣል። ሀረር ከባህር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ ነው፤ ድሬ ደግሞ 1,200 ገደማ። በሁለት ሰዓት መንገድ ውስጥ ከወይና ደጋ አየር ወደ ቆላ ሙቀት ትወርዳለህ። ስቲክህም አብሮህ ይወርዳል። እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ እርጥበት ሲያገኝ ይነፋል። ናሱ ግን ብዙም አይንቀሳቀስም። ቲፕ ያለ ምክንያት በተደጋጋሚ እየተነቀለ ካስቸገረህ ሙጫውን ከመውቀስህ በፊት ይህን እይ። እንጨቱ ወደ ውስጥ ሰምጦ ወይም ከናሱ በላይ ወጥቶ ሊሆን ይችላል።

ከናሱ በላይ ከወጣ በብርጭቆ ወረቀት እኩል ታደርገዋለህ። በጥቂቱ ከሰመጠ ናሱን በጥንቃቄ አውርደህ ማስተካከል ይቻላል። በጣም ከሰመጠ ወይም ቀለበቱ ራሱ በእጅ ሲነካ የሚላወስ ከሆነ ግን ቲፕ አትለጥፍበት። መጀመሪያ ቀለበቱን የሚያውቅ ሰው ይሥራው።

መለጠፍ

የቲፑን መቀመጫ ብርጭቆ ወረቀት ላይ ክብ ክብ እያደረግህ ጥቂት ፈትገው። ከዚያ በምላጭ ጫፍ እርስ በርስ የሚሻገሩ ስስ መስመሮች ጫርበት፤ ሙጫው የሚይዘው ነገር ያገኛል። የናሱንም ፊት እንዲሁ። ሁለቱንም አልኮል በነካ ንጹሕ ጨርቅ ጥረግና ይድረቅ። ከዚያ በኋላ በጣት አትንካው። የጣት ወዝ ሙጫን ያስለቅቃል።

ሙጫው ሱፐር ግሉ ይሁን፤ ወፈር ያለው ዓይነት ከተገኘ እሱ ይመረጣል። ውሃ የመሰለው ቆዳው ውስጥ ሰርጎ ገብቶ ያደነድነዋል። ያን ሁሉ መርጠህ ያገኘኸው መካከለኛ ቲፕ በአንዴ ድንጋይ ይሆናል። የጫማ ማስቲሽ ደግሞ አይሆንም። ለጫማ ጥሩ የሆነው ስለሚለጠጥ ነው፤ ቲፕ ግን ከሥሩ የሚለጠጥ ነገር ካለ ምቱ ይዋዥቃል።

ትንሿን ቱቦ ግዛ። ሙቀት ሱፐር ግሉን ቱቦው ውስጥ እያለ ያወፍረዋል። ተከፍቶ የከረመውን ለሌላ ሥራ አድርገው። ፍሪጅ ካለህ አሽገህ እዚያ አኑረው።

የምትለጥፈው በጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ይሁን። ድሬ ላይ ስምንት ሰዓት ላይ ይህን ሥራ አትጀምር። እጅህ ያልባል፣ ሙጫውም ቲፑን መሃል ላይ ሳታስተካክለው ቆርጦ ሊይዝ ይችላል።

አንድ ጠብታ ናሱና እንጨቱ ላይ አድርግ። አንድ ብቻ። በክብሪት እንጨት እስከ ጠርዝ ስስ አድርገህ አዳርሰው። ቲፑን አስቀምጥ፣ ጫን በል፣ ወዲያው ከአራቱም ጎን እየው። ትርፉ በሁሉም በኩል እኩል መውጣት አለበት። ለማንቀሳቀስ ያለህ ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው። ከዚያ ስቲኩን ገልብጠህ ቲፑን ጠፍጣፋ ወለል ላይ አቁመው፤ ቀጥ አድርገህ ይዘህ በስቲኩ ክብደት ላይ ትንሽ ጨምርበት። ለአንድ ደቂቃ ያህል አትነቃነቅ። ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠ ቀጭን ጠፈር ካለህ ደግሞ በቲፑ ላይ አሳልፈህ ወደ ታች ወጥረህ እሰረው። ድሬ ላይ ይህ ላስቲክ የትም አይጠፋም፤ ጎሚስታው ቁራጩን ይሰጥሃል።

ሙጫው ጎን ላይ ከወጣ በእርጥቡ አትጥረገው፤ ከደረቀ በኋላ በምላጭ ይነሳል። ዓይንህን ጠብቅ፤ ልጆችም አጠገብህ አይቁሙ።

በትንሹ አንድ ሰዓት ተወው። ብታሳድረው ይበልጣል። "ይዟል" ብለህ ወዲያው ልትከረክም ስትል ነው የሚነቀለው።

መከርከምና ቅርጽ

ናሱን በአንድ ዙር ስኮች ጠቅልለው። ከዚያ ስቲኩን ገልብጠህ ቲፑን ጣውላ ላይ ጫነው። ምላጩን ከናሱ ጋር ትይዩ አድርገህ ትርፉን ከላይ ወደ ታች፣ ወደ ጣውላው፣ በስሱ ላጠው። ስቲኩን ትንሽ እያዞርክ ዙሪያውን አዳርሰው። በአንዴ ብዙ አትቁረጥ፤ ቆዳው ከሥሩ ይቦጨቃል። ከናሱ ጋር እኩል ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ምላጩን አስቀምጥና በብርጭቆ ወረቀት ጨርሰው።

ጎኑ ለስላሳና ጠንካራ ሆኖ መቅረት አለበት። ጣትህን በውሃ ነክረህ የቲፑን ጎን ብቻ አርጥበው። ከጫማ ሰፊ ያገኘኸውን ቁራጭ ቆዳ ጠቅልለህበት በፍጥነት እሸው። ጎኑ እስኪያብረቀርቅ ቀጥል። ይህ ቲፑ ወደ ጎን እንዳይዘረጋ ይረዳል። ላዩን ግን አታርጥብ።

ላዩ ጎበጥ ማለት አለበት። ጠፍጣፋ ከሆነ ኳሱን ዳር ስትመታ የሚነካው የቲፑ ጠርዝ ይሆናል፤ ይንሸራተታል። በጣም ከሾለ ደግሞ ኳሱን የሚነካው ቦታ ይጠብና ቶሎ ይደፈጠጣል። ልኩን ለማየት 25 ሳንቲም ይበቃል። ሳንቲሙን በጠርዙ በኩል ከቲፑ ጎን አቁመህ ብርሃን ላይ ያዘው፤ የቲፑ ጉብታ ከሳንቲሙ ክብ ጋር አብሮ መሄድ አለበት። በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ከጠርዝ ወደ መሃል እያጠጋህ አስተካክለው፤ መሃሉን እንዳለ ተወው። ቁመቱን የሚይዘው እሱ ነው።

ከተለጠፈ በኋላ

አዲስ ቲፕ ወዲያው ውድድር ላይ አይወጣም። መጀመሪያ ቀለል ባለ ምት ተጫወትበት። በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ይጠቀጠቃል፣ ጠርዙም ትንሽ ይወጣል። ያን ጊዜ አንድ ጊዜ መከርከምና ጉብታውን ማስተካከል ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ይረጋጋል። ሰው ተቻኩሎ በሁለተኛው ቀን "ይህ ቲፕ አይረባም" ብሎ የሚነቅለው ገና ሳይረጋጋ ነው።

ቾክን በየምቱ ተጠቀም። ቲፑን ቾኩ ውስጥ አትሰርስረው፤ ላዩን በስሱ ቀባ ቀባ አድርገው፣ ዳር ዳሩም ይዳረስ። ላዩ ካብለጨለጨና ቾክ አልይዝ ካለ በሻካራ ነገር ነካ ነካ አድርገው። በየቀኑ መሞረድ ግን ቲፕ መጨረስ ነው።

ስቲክህን በቆመ መኪና ውስጥ አትተወው። ድሬ ላይ መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት ሙጫውንም እንጨቱንም ይጎዳል። ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ ላይ አስደግፈህም አታቁመው። አጋድመህ ወይም ቀጥ አድርገህ አንጠልጥለህ፣ ቤት ውስጥ ቀዝቀዝ ባለው ጥግ አኑረው። ሀረር ወጥተህ የምትጫወት ከሆነ ደግሞ እንደደረስክ ከቦርሳው አውጣውና ትንሽ አየሩን ይልመድ። ቲፑ የደረቀ ከመሰለህ ዘይትም ቫዝሊንም አትቀባው። ኳሱ ይቀባል፣ ቾክም አይይዝልህም። ደርቆ ከተሰነጠቀ መድኃኒቱ መለወጥ ነው።

መቼ ይለወጣል? የቆዳው ጎን ቁመት ወደ 2 ሚሊ ሲወርድ አትጠብቅ። ከዚያ በታች ከሄደ ጠንክሮ የቀረ ስስ ቆዳ ነው የሚሆነው፤ በኃይል ስትመታ ናሱ ኳሱን ሊነካ ይችላል። ድምፁም ይነግርሃል፤ ጥርት ያለው ምት ተሰነጣጥቆ "ጭር" ማለት ከጀመረ ወይ ቆዳው ተሰንጥቋል ወይ ከሥሩ እየለቀቀ ነው። በጥፍርህ ጠርዙን ወደ ላይ ገፋ አድርገህ እየው።

ጨዋታ መሃል ቢነቀልብህ ቲፑን ፈልገህ አንሳው እንጂ እዚያው በሱፐር ግሉ መልሰህ አትለጥፈው። መቀመጫው ላይ የቀረው አሮጌ ሙጫ አያስቀምጠውም፤ ከጥቂት ምት በኋላ እንደገና ይነቀላል። ያን ቀን የቤቱን ስቲክ ተዋስ። ማታ ቤትህ ገብተህ ሁለቱንም ፊት አጽዳ፣ ቀለበቱን ከእንጨቱ ጋር አስተያይ፣ ቲፑ ደህና ከሆነ እሱኑ፣ ካልሆነ ከመለዋወጫዎቹ አንዱን ለጥፈህ አሳድረው።